የተበላ ዕቁብ ያልሆነ ምሳሌ፦ ለማርኬቲንግ ጽሑፍ ትኩስ ማስረጃ አፈላለግ

ስለ ማርኬቲንግ የሚጻፍ ነገር የሚከታተል ሰው የአፕልን «1984» የተባለ ማስታወቂያ፣ የናይኪን «ጀስት ዱ ኢት»፣ ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ2011 አውስትራሊያ ውስጥ ጠርሙስ ላይ የሰው ስም ማተም የጀመረበትን ዘመቻ በቃሉ ይዞታል። ወደ አገር ቤት ስንመጣም ያው ነው፤ የጫማ ድርጅቱ ሶልሬብልስ፣ ከስታርባክስ ጋር የነበረው የቡና ስም ክርክር፣ የቱሪዝም መፈክሩ «የ13 ወር ጸጋ»። እነዚህ መጥፎ ምሳሌዎች ሆነው አይደለም። የተበላ ዕቁብ ስለሆኑ ነው፤ አንባቢው ገና ስማቸውን ሲያይ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋልና ዘሎ ያልፋል።

እዚህ የተዘረዘረው አሠራር በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ አርባ ደቂቃ ስልክ ላይ፣ የቀረው በእግር። የሚያስፈልገው ስልክ፣ ማስታወሻ ደብተርና አንድ ጉግል ሺት ነው። ጽሑፉ ነገ መውጣት ካለበት ዛሬ ማታ ምሳሌ መፈለግ አይሠራም፤ ሰው ሲቸኩል መጀመሪያ የሚያገኘው ሁሉም ያገኘውን ነውና። ስለዚህ ፍለጋው ከጽሑፉ ተነጥሎ በራሱ ቀን ይካሄድ።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንለይ። ትኩስ ማለት ትናንት የወጣ ማለት አይደለም። ትናንት የወጣ ዜና ዛሬ ሃምሳ ገጽ ላይ ተገልብጦ ሊያድር ይችላል። ትኩስ የሚባለው አንባቢው ያላየው ዝርዝር ያለበት፣ ያንን ዝርዝርም ጸሐፊው ራሱ ሄዶ ያየው ወይም ቆጥሮ ያገኘው ምሳሌ ነው።

ደረጃ 1፦ ልታሳዩ የፈለጋችሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«ዋጋን በግልጽ መናገር ጥሩ ነው» የሚል ሐሳብ ይዛችሁ ከወጣችሁ ማንኛውም ነገር ምሳሌ ይመስላችኋል፤ ማንኛውም ነገር ምሳሌ ከሆነ ደግሞ የሚያሳምን የለም። ዓረፍተ ነገሩን አጥብቡት፦ «ቴሌግራም ላይ ጫማ የሚሸጥ ሰው ዋጋውን ፖስቱ ላይ ሲጽፍ፣ ዋጋ ብቻ ጠይቆ የሚጠፋው ሰው ይቀንስለታል።» ይህ የት እንደምትሄዱም ምን እንደምትቆጥሩም ይነግራችኋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐሰት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሐሰት ሊሆን የማይችል ዓረፍተ ነገር ምሳሌ አያስፈልገውም፤ ምክር ብቻ ነው።

ለአንድ ጽሑፍ ሁለት ወይም ሦስት እንዲህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ።

ደረጃ 2፦ የተበላውን አስቀድማችሁ አውጡ

አምስት ደቂቃ ብቻ ስጡት። ርዕሳችሁን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጉግል ላይ ጽፋችሁ የመጀመሪያዎቹን አሥር ውጤቶች ክፈቱና የተጠቀሱትን ድርጅቶች ስም ብቻ መዝግቡ። ከሦስት ገጽ በላይ ላይ ያገኛችሁት ስም ለእናንተ የተዘጋ ነው።

አንድ መውጫ ግን አለ። የቆየ ምሳሌ ማንም ባልነካው በኩል ከተያዘ እንደ አዲስ ይነበባል። «የ13 ወር ጸጋ»ን እዩት። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ያመጡት መፈክር መሆኑን ሁሉም ይጽፋል። በእንግሊዝኛው የሚነገረው ስለ ፀሐይ መሆኑን፣ በአማርኛው ግን ስለ ጸጋ መሆኑን የሚያነሳ ጥቂት ነው። ለውጭ ቱሪስት ፀሐይ ይሸጣል፤ ፀሐይ ብርቅ ላልሆነችብን ለእኛ ግን ጸጋ የሚለው ቃል ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2016 እሱን የተካው መፈክርም እንደዚያው ነው፤ በእንግሊዝኛው ስለ መነሻ ምድር ይናገራል፣ አማርኛው «ምድረ ቀደምት» ነው። መፈክር ሲተረጎም ምን እንደሚቀየር ለሚጽፍ ሰው ይህ ስልሳ ዓመት የሞላው ዕቃ ገና ያልተነካ ነው።

ደረጃ 3፦ የማስታወቂያ ቤተ መዛግብት

ሜታ ለፌስቡክና ለኢንስታግራም ማስታወቂያዎች የከፈተው አድ ላይብረሪ ለማንም ነጻ ነው፤ አካውንትም አይጠይቅም። አገር የሚለው ላይ ኢትዮጵያን፣ ዓይነት የሚለው ላይ ሁሉም ማስታወቂያዎች የሚለውን መርጣችሁ ቃል ወይም የገጽ ስም አስገቡ። እያንዳንዱ ማስታወቂያ ከመቼ ጀምሮ እየታየ እንዳለና በየትኞቹ መድረኮች ላይ እንደሚሄድ ይነግራችኋል።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ፊደል ላይ ነው። የምትፈልጉት ቃል የተጻፈው ማስታወቂያውን ባወጣው ሰው ፊደል እንጂ በእናንተ አይደለም። «ለዓመት በዓል» የሚለውን ብቻ ብትወስዱ ዓመት በዓይኑ ዐ ወይም በአልፋው አ ሊጻፍ ይችላል፣ በዓልም እንደዚሁ፤ ሲባዛ አራት አጻጻፍ ነው። ጾምና ፆም፣ ሠርግና ሰርግ፣ ዕጣና እጣ፣ ፀጉርና ጸጉር ሁሉ እንዲህ ናቸው። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፈውም ብዙ ነው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የቃሉን አጻጻፎች ሁሉ ዝርዝር አድርጋችሁ አንድ በአንድ ሞክሩ። «ምንም የለም» ብለው የሚመለሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አንዱን አጻጻፍ ብቻ ሞክረው ነው።

አገሩን መቀየርም ጥሩ ውጤት ይሰጣል። አሜሪካን ወይም የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችን መርጣችሁ «ገንዘብ ለመላክ» ብላችሁ ፈልጉ፤ በውጭ ላለው ወገን በአማርኛ የሚተዋወቅ ነገር ካለ ያወጣላችኋል። አንድ የሐዋላ ድርጅት ለእንግሊዝኛ አንባቢ ስለ ፍጥነት አውርቶ ለአማርኛ አንባቢ ስለ እናት ካወራ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሳየት ብቻ ግማሽ ጽሑፍ ነው። ማስታወቂያው በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥም የታየ ከሆነ ምን ያህል ሰው ዘንድ እንደደረሰ ቁጥሩ ጭምር ይታያል፤ ከተቋረጠ በኋላም ለአንድ ዓመት ይቆያል። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ለታየ የንግድ ማስታወቂያ ግን ይህ የለም፤ ሲቋረጥ ከመዝገቡ ይወጣል። ስለዚህ ያያችሁትን በዚያው ቅጽበት ስክሪንሾት አድርጉ፤ የማስታወቂያው መለያ ቁጥርና የተጀመረበት ቀን በምስሉ ውስጥ ይግቡ።

ከዚህ መዝገብ ምን ማለት ይቻላል? አንድ ማስታወቂያ አራት ወር ሙሉ ሳይቋረጥ ከሄደ ባለቤቱ ብር እየከፈለበት ነውና አንድ ነገር አይቶበታል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። «ውጤታማ ነው» ብሎ መጻፍ ግን አይቻልም። ረስቶት ሊሆን ይችላል፤ ቡስት የሚያደርግለት (በክፍያ የሚያስተዋውቅለት) ሰው በጥቅል ከፍሎለትም ሊሆን ይችላል። «ከጥር ጀምሮ ሳይነሳ ቆይቷል» ብላችሁ የምታውቁትን ብቻ ጻፉ። ጉግልም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ተመሳሳይ የማስታወቂያ መዝገብ አለው፤ ለዩቲዩብ ማስታወቂያ እሱ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ቴሌግራም ላይ መቁጠር

ለአማርኛ ጸሐፊ ከቴሌግራም የሚበልጥ ማዕድን የለም። ሱቁም፣ ዕቃውም፣ ዋጋውም፣ የተመልካቹ ቁጥርም አንድ ቦታ ናቸው። ለሁሉም ክፍት የሆነ ቻናልን ሳትቀላቀሉ በብሮውዘር ማየት ትችላላችሁ፤ አድራሻው ላይ ከቻናሉ ስም በፊት «ኤስ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደልና እዝባር (s/) ማስገባት ነው።

ደረጃ 1 ላይ የጻፍነውን የጫማ ዓረፍተ ነገር እንፈትነው። ዋጋ አንዳንዴ የሚጽፍ፣ አንዳንዴ «ለዋጋው በውስጥ መስመር» የሚል አንድ ቻናል ምረጡ። ሁለት ቻናል ማወዳደር አይሆንም፤ ተከታዮቻቸው ስለሚለያዩ ልዩነቱ ከዋጋው ይምጣ ከሌላ አይታወቅም። ከአንዱ ቻናል 20 ዋጋ ያለው፣ 20 ዋጋ የሌለው ፖስት ውሰዱ። ሁሉም ከወጡ ቢያንስ ሁለት ሳምንት የሞላቸው ይሁኑ፤ የተመልካች ቁጥር በየቀኑ ስለሚጨምር የትናንቱን ካለፈው ወር ጋር ማወዳደር ገና የበቀለን ጤፍ ከታጨደው ጋር እንደማወዳደር ነው። ለእያንዳንዱ የተመልካች ቁጥር፣ የኮሜንት ብዛት፣ ከኮሜንቶቹ ውስጥ «ስንት ነው?» ወይም «ዋጋ» የሚሉት ስንት እንደሆኑ ጻፉ።

አማካይ አታውጡ። አንድ ፖስት ወደ ትልቅ ግሩፕ ፎርዋርድ ከተደረገ እዚያ ያየው ሰው ሁሉ ለዋናው ፖስት ይቆጠርና አማካዩን ወደ ሰማይ ይሰቅለዋል። ይልቅ 20ዎቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድራችሁ መሃል ላይ ያሉትን 10ኛውንና 11ኛውን ውሰዱ፤ የሁለቱ አጋማሽ ነው የምትጽፉት። ለ40 ፖስት ሥራው ረጅም አይደለም፤ ያገኛችሁት ቁጥር ግን በዓለም ላይ እናንተ ዘንድ ብቻ ያለ ነው። ልዩነት ካልተገኘም ይጻፍ፤ እንዲያውም አንባቢ የሚወደው እሱን ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። ሻጮች የድሮ ፖስት ላይ ገብተው ዋጋ ይቀይራሉ፤ «ተስተካክሏል» የሚል ምልክት ያለበትን ከቆጠራው አውጡት። ሌላው የተገዛ ተመልካች ነው። ሁሉም ፖስት፣ ሌሊት የወጣውም በዓል ዋዜማ የወጣውም፣ እኩል ሊባል የተቃረበ ቁጥር ካለው ያ ቻናል ለማስረጃ አይሆንም።

በዚሁ አጋጣሚ የፕሌይ ስቶር አስተያየቶችን አትርሷቸው። የባንክና የክፍያ መተግበሪያዎች ሥር ሰው ሲናደድ የሚጽፈው አማርኛ የትኛውም የማስታወቂያ ድርጅት ከሚጽፈው ይበልጣል። በአዲስነት ቅደም ተከተል አድርጉና ከላይ መቶውን አንብቡ። አንድ ቃል ከአምስት ጊዜ በላይ ከተደጋገመ ርዕስ አግኝታችኋል። የጸሐፊዎቹን ስምና ፎቶ ግን አትውሰዱ።

ደረጃ 5፦ በእግር

ስልክ ላይ የሌለ ነገር መንገድ ላይ አለ። ወያላው ታክሲው ግማሹ ባዶ ሆኖ «የሞላ! ሁለት ሰው!» ሲል፣ የማርኬቲንግ መጻሕፍት በምዕራፍ የሚተነትኑትን የእጥረት ዘዴ በሦስት ቃል እየተገበረ ነው። ጉልት ላይ ሽንኩርት በመደብ የምትሸጠው ሴት «መርቂልኝ» ስትባል የምትጨምራት አንዲት ራስ፣ ከየትኛውም የነጥብ መሰብሰቢያ ካርድ ይልቅ ደንበኛ ታመላልሳለች። ምርቃቷን ከመደቡ ጋር አትደባልቅም፤ መደቡን ከረጢት ውስጥ ከገለበጠች በኋላ፣ ገዢው እያየ፣ ለብቻዋ ነው የምትጨምራት። ከመጀመሪያው መደቡን ብታተልቀው ማንም አያመሰግናትም። የምትፈልጉት እንዲህ ያለውን ቅደም ተከተል ነው፤ «ጉርሻ መስጠት ጥሩ ነው» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል።

ለንጽጽር የሚመቸው ወቅት የጾም መግቢያ ነው። ካፌና ምግብ ቤት የምታዘወትሩበት ሰፈር ሦስት ቤቶች ምረጡና የምግብ ዝርዝር ሰሌዳቸውን ሦስት ጊዜ አንሱ፤ በቅበላ ሳምንት፣ በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት፣ ከፋሲካ በኋላ። ቤቱ ያው፣ ሰፈሩ ያው፣ ባለቤቱ ያው ነው፤ ገበያው ብቻ ለ55 ቀን ተቀየረ። ማን የጾም ምግቡን ከላይ አወጣ? ማን የፍስኩን ሳያጠፋ ከሥር ጻፈ? ማን ለበያይነቱ አዲስ ስም ሰጠ? እንዲህ ያለ በተፈጥሮ የተሠራ ሙከራ በገንዘብ አይገዛም።

አቀራረቡ ግን ልምድ ይጠይቃል። መርካቶ ውስጥ ደብተር ይዞ ሰሌዳ የሚያይ ሰው ገቢዎች ወይም ደንብ አስከባሪ ነው ተብሎ ይጠረጠራል፤ ትክክልም ነው። መጀመሪያ ግዙ። ሰው በማይበዛበት፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት አካባቢ ሂዱ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት «ጋሼ፣ ስለ ንግድ የምጽፍ ነኝ፤ ይቺን ሰሌዳ ባነሳት ቅር ይልዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። እምቢ ከተባለ አመስግኖ መሄድ ነው። «ገቢዎ ስንት ነው?» የሚባል ጥያቄ አይጠየቅም፤ እውነተኛ መልስም የለውም። «ይህን ሰሌዳ ከቀየሩ በኋላ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ሆነ?» ብትሉ ግን ባለሱቁ ወንበር ስቦ ያወራችኋል። ነጋዴ ስለ ብሩ ዝም ይላል፣ ስለ ደንበኛው ግን አውርቶ አይጠግብም።

ደረጃ 6፦ የተዘጉ የሚመስሉ ሰነዶች

የኩባንያ ሪፖርት ማንበብ አሰልቺ ነው፤ ስለዚህ ማንም አያነበውም፤ ስለዚህ ትኩስ ነው። የባንኮች ዓመታዊ ሪፖርት፣ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ የሒሳብ መግለጫ፣ የአክሲዮን ደንበኛ መሳቢያ ሰነድ (አክሲዮን የሚሸጥ ድርጅት ለገዢ የሚያወጣው መግለጫ) ሁሉ ማንም ያልተጠቀመበት ዝርዝር አለባቸው።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የድርሻውን 10 በመቶ፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ በቴሌብር በኩል ለሕዝብ አቀረበ። የአንዱ ዋጋ 300 ብር ነበር። ትንሹ መግዛት የሚቻለው 33 አክሲዮን፣ ትልቁ 3,333 ነው። ዜናው ሁሉ እዚህ ላይ ያቆማል። እናንተ ግን አባዙት፦ 33 በ300 ሲባዛ 9,900 ብር፣ 3,333 በ300 ደግሞ 999,900 ብር። አንዱ ከአሥር ሺህ፣ ሌላው ከአንድ ሚሊዮን መቶ መቶ ብር ብቻ ጎደለ። ለምን እንዲህ እንደሆነ ሰነዱ ላያብራራ ይችላል፤ ስሌቱን ግን ማንም አይክደውም። ስለ ዋጋ አቀራረብ ለሚጽፍ ሰው ሱፐርማርኬት ውስጥ ከሚታየው የ99 ብር ምሳሌ ጋር እኩል የሚሠራ፣ አንባቢው ግን ያላሰበው ነው።

ያው ክስተት ሌላ ዓረፍተ ነገርም ያገለግላል። በመጨረሻ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ያህል፣ 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ፣ የገዛው ሰው ከ47 ሺህ በላይ ነው። ሲካፈል ለአንድ ሰው ወደ 68 ሺህ ብር ይመጣል፤ ከትንሹ መጠን ሰባት እጥፍ ማለት ነው። «መነሻውን ዝቅ ማድረግ ብቻውን ትንሹን ቆጣቢ ያመጣል» ብላችሁ ለመጻፍ አስባችሁ ከነበር ቁጥሩ ያስቆማችኋል። አማካይ መሆኑን ግን አትርሱ፤ ጥቂት ትልልቅ ገዢዎች ከፍ አድርገውት ሊሆን ይችላል። ከዚህ በላይ ለማለት የገዢዎች ክፍፍል ያስፈልጋል።

ደረጃ 7፦ ቀኑንና ቁጥሩን ማጣራት

ብዙ ጥሩ ምሳሌ የሚበላሸው እዚህ ነው።

«በ2016» ብሎ መጻፍ ብቻውን ሁለት ትርጉም አለው፤ አንባቢያችሁ ዋሽንግተን ሆኖ ሲያነብ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ይወስደዋል። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሁልጊዜ ይጻፍ። መስከረም 1 ሁሌም በውጭው 11 ላይ አይውልም፤ መስከረም 1 ቀን 2016 በውጭው መስከረም 12 ቀን 2023 ነበር፣ ጳጉሜ ስድስት ስለነበረች። የዘመን መለወጫ ማስታወቂያ «ከበዓሉ አንድ ቀን ቀድሞ ወጣ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ቁጠሩ። ቴሌግራምና አድ ላይብረሪ የሚያሳዩት በውጭው አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱም ስልካችሁ ባለበት አቆጣጠር ነው። «ከምሽቱ 8» የሚለውን ወደ ምሽቱ 2 ሰዓት ሳይቀይሩ የሚጽፉ አሉ፤ ያ በእኛ ሰዓት እኩለ ሌሊት ያለፈ ነው።

የበጀት ዓመትም ያሳስታል። ኢትዮ ቴሌኮም ዓመቱን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ የሳፋሪኮም ግሩፕ ዓመት የሚያልቀው በውጭው መጋቢት 31። የሁለቱን «የዓመቱ የደንበኛ ብዛት» ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው በመካከላቸው የሦስት ወር ክፍተት እንዳለ ማስታወስ አለበት። ቃሉም ይጣራ፤ «የተመዘገበ ደንበኛ» እና «ባለፉት 90 ቀናት የተጠቀመ ደንበኛ» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ በኢትዮጵያ ነሐሴ 2023 በውጭው አቆጣጠር መጀመራቸውን ሳያነሱ ሁለቱን ማፎካከርም ያው ነው፤ አንዱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ሮጧል።

ዋጋ ያለበት ምሳሌ ሁሉ የሚያረጅበት ቀን አለው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት የተነሳ የዋጋ ሰሌዳ ፎቶ ዛሬ ታሪክ እንጂ ምሳሌ አይደለም፤ ከተጠቀማችሁበት ቀኑን ከዋጋው እኩል ጎላ አድርጉት። ሕግም እንደዚሁ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ካወጣ በኋላ፣ የድሮ የቢራ ማስታወቂያን «እንዲህ ሥሩ» ብሎ ማቅረብ አንባቢን ወደ ቅጣት መላክ ነው።

የድርጅት የራሱ መግለጫና የማስታወቂያ ኤጀንሲ «ስኬታችን» ብሎ የሚያወጣው ጽሑፍ ፍንጭ ነው፣ ማስረጃ አይደለም። «ሽያጭ 300 በመቶ አደገ» ሲባል ከምን ተነስቶ እንደሆነ ካልተጻፈ ተዉት፤ ከአንድ ወደ አራት ያደገም 300 በመቶ ነው። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሣሪያዎችን ምሳሌ ብትጠይቋቸው ደግሞ ያልተካሄደ ዘመቻ፣ ያልተባለ ቁጥር፣ አንዳንዴም የሌለ ድርጅት አሳምረው ያቀርባሉ። «የት ልፈልግ?» ብሎ ለመጠየቅ ይጠቅማሉ፤ የሰጧችሁን ስም ግን በደረጃ 3 እና 4 መንገድ ራሳችሁ ካላገኛችሁት አልተገኘም በሉ።

ደረጃ 8፦ ካርድ መሙላት

ያገኛችሁትን በዚያው ቀን መዝግቡ። ስክሪንሾት ብቻ ያለው ሰው ከሦስት ወር በኋላ ስምንት መቶ ምስል ያለበት ስልክ እንጂ ምሳሌ የለውም። ሲሞላ ይህን ይመስላል፤ ለማሳያ የተሠራ ነው፦

ምን፦ ካፌ የጾም ሰሌዳውን ከበሩ ውጭ፣ የፍስኩን ከውስጥ አደረገ።
የት፦ አራት ኪሎ አካባቢ፣ አስፋልት ዳር።
መቼ፦ የጾሙ 3ኛ ቀን፣ ረፋድ 4 ሰዓት፤ በሁለቱም አቆጣጠር።
ቁጥር፦ በ30 ደቂቃ 22 ሰው ገባ፤ 9ኙ ሰሌዳው ጋ ቆመው አነበቡ።
ያላየሁት፦ ከሰዓት በኋላውን፤ ያለ ሰሌዳው ስንት ሰው ይገባ እንደነበር።
ፈቃድ፦ ባለቤቷ ፎቶውን ፈቅደዋል፣ የቤቱ ስም እንዳይጠቀስ ብለዋል።
ለየትኛው ዓረፍተ ነገር፦ «ደንበኛ ሳይገባ የሚመልስለት ጥያቄ…»

«ያላየሁት» የምትለውን መስመር ባዶ አትተዉ። ጽሑፉ ላይ ከመጋነን የምታድናችሁ እሷ ናት፤ አንባቢ በኮሜንት ሊጠይቃችሁ የሚችለውንም ቀድማ ትነግራችኋለች።

ፈቃድን በተመለከተ፦ ሰው የሚታይበት ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር ያለበት የቴሌግራም ስክሪንሾት፣ የግል ንግግር፣ ሁሉም ሳይሸፈኑ አይወጡም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ከዚያ በፊትም ቢሆን ነውር ነበር። የሌላ ሰው ፎቶና የማስታወቂያ ምስል በቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነውና፣ የምትተቹትን ያህል ብቻ ውሰዱ፣ ባለቤቱንም ጥቀሱ።

ደረጃ 9፦ ጽሑፉ ውስጥ ማስገባት

ለአንድ ምሳሌ ከ60 እስከ 90 ቃል ይበቃል። ከሚታየው ነገር ጀምሩ፣ ትርጉሙ ይከተል። «ግልጽ ዋጋ አመኔታን ይፈጥራል፤ ለምሳሌ አንድ የጫማ ሻጭ…» ብሎ የጀመረ ጸሐፊ መልሱን ከጥያቄው በፊት ሰጥቶታል። «አንድ የጫማ ቻናል ላይ 40 ፖስት ቆጠርን። 20ው ዋጋ አላቸው፣ 20ው ‹በውስጥ መስመር› ይላሉ» ብላችሁ ብትጀምሩ አንባቢው ውጤቱን ለማወቅ ወደታች ይወርዳል። ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ፤ ምን እንዳልተቆጠረም እዚያው።

ሁለት ምሳሌ ለአንድ ነጥብ አትደርድሩ። ደካማው ጠንካራውን ይጎትተዋል። የተረፈው ካርዱ ላይ ይቆይ፤ የሚቀጥለው ወር ጽሑፍ ነው።

ጽሑፉ በሚወጣበት ዕለት ጠዋት እያንዳንዱን ምሳሌ አንድ ጊዜ ክፈቱት። ማስታወቂያው አሁንም አለ? ቻናሉ ስሙን አልቀየረም? ካፌው ሰሌዳውን ወደ ውስጥ መልሶታል? ከመለሰው ምሳሌው አልሞተም፤ ደውላችሁ ወይም ሄዳችሁ ለምን እንደመለሰው ጠይቁና ያንን ጨምራችሁ አውጡት።